ሌሊቱ በማይበርድበት አገር የሰውን እንቅልፍ ማን ያጥናው?

የሚኖሩት በአፋምቦ፣ በሰመራ ወይም በአዋሽ ከሆነ፣ በሞቃታማዎቹ ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱ ቶሎ እንደማይለቅ ያውቃሉ። አልጋ ደጅ አውጥቶ ነፋስ መጠበቅ የተለመደ ነው። ጠዋት የሚሰማዎትን ድካም፣ ራስ ምታትና መነጫነጭ «የአገሩ ነገር ነው» ብለው አልፈውት ይሆናል። ነገር ግን የእንቅልፍ እጦት የጤና ችግር ነው።

ሙቀት እንቅልፍን እንዴት ይነሳል?

እንቅልፍ እንዲወስደን የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት በመጠኑ መቀነስ አለበት። አየሩ ሲሞቅ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በ68 አገሮች ከ47 ሺህ በላይ ሰዎችን በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ተከታትሏል። ሌሊቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ሰዎች በአማካይ 14 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ አጥተዋል። ይበልጥ የተጎዱት አረጋውያን፣ ሴቶችና ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገር የሚኖሩ ናቸው።

14 ደቂቃ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለወራት ሲጠራቀም ግን ቀላል አይደለም። ደግሞም እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚያስረው በአብዛኛው የመግዛት አቅም ያለው ሰው ነው። በአዋሽ ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቅ አርብቶ አደር በዚህ ቁጥር ውስጥ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በአገራችንስ?

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥሩ እንቅልፍ እንደሌላቸው አሳይቷል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ግን የተማሪ ሕይወት የአርብቶ አደር ወይም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሕይወት አይደለም።

ይህ ክፍተት እኛ ሐኪሞችንም ይነካል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ሲሉን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ እንጠይቅና የት እንደሚተኙ ሳንጠይቅ መድኃኒት ልናዝ እንችላለን። ችግሩ ሙቀት ከሆነ ኪኒን አያቀዘቅዘውም።

ለወጣት ተመራማሪዎች

ልጅዎ በሰመራ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ጤና ነክ ትምህርት የሚማር ከሆነ ይህን መስክ ይጠቁሙት። ለመጀመር ውድ ላቦራቶሪ የግድ አያስፈልግም፤ በአፋርኛ በሚገባ የተዘጋጀ መጠይቅ፣ የመኝታውን ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትርና በእጅ የሚታሰር መሣሪያ ብዙ ያሳያሉ። ወርልድ ስሊፕ ሶሳይቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበርም ከተለያዩ አገሮች ለሚመጡ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የእንቅልፍ ምርምር ሥልጠና ይሰጣል። ቋንቋውንና አገሩን የሚያውቅ ወጣት ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የማያገኘውን መልስ ያገኛል።

ጠያቂ ቤትዎ ቢመጣ የጥናቱን ዓላማ ይጠይቁ። ፈቃደኛ ካልሆኑ እምቢ የማለት መብት አለዎት። ከተስማሙ ግን የቀኑን መኝታም ሳይቀር እውነቱን ይንገሩ።

እስከዚያው ምን ያድርጉ?

• አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።
• ደጅ ሲተኙም አጎበሩን አይተዉ፤ ወባን ይከላከላል።
• ከሰዓት በኋላ ቡናና ጫት ያስወግዱ። ጫት እንቅልፍን ያባርራል እንጂ አይተካም።
• ሾፌር ከሆኑ ይጠንቀቁ፦ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ መቆየት ንቃትን አልኮል የመጠጣትን ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሲያንጎላጅዎ ቆመው ይተኙ ሳይሆን መኪናውን አቁመው ይተኙ።
• የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ካጡና ይህ ለ3 ወር ከቆየ፣ ወይም ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ቤተሰብ ከነገረዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የት እንደሚተኙና ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ይንገሩት።