ካርቶኑ ላይ ያለው 3000 ዋት የት ገባ?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ያለ ሰው ያውቀዋል። የመኪና ስፒከር የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ካርቶኑ ላይ ከዕቃው ስም በላይ ጎልቶ የተጻፈው ቁጥር ነው። 1200 ዋት። 2000 ዋት። 3000 ዋት። ገዢው ብዙ ጊዜ ወጣት የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው። ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ ይነዳል፣ ዕቁብ ወጥቶለታል፣ የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ ባሱ ደረት ላይ እንዲመታ። ትልቁን ቁጥር መርጦ ያስገጥማል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናው ውስጥ የሚሰማው ግን ባስ ሳይሆን የታርጋ መንቀጥቀጥ ነው።

እዚህ ላይ ሹፌሩን መውቀስ ይቀላል። «ምን ያስጮኸዋል፣ አርፎ አይነዳም?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በቀን 12 ሰዓት መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው መኪናው ሳሎኑም ነው። ባስ መውደድም ነውር አይደለም፤ ከበሮ ሲመታ ልቡ አብሮ የማይመታ ሰው በዚህ አገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጥፋቱ ያለው ሽያጩ ላይ ነው። ባስ ፈልጎ ለመጣ ሰው ቁጥር ሸጠውለት ይሸኙታል።

ቁጥሩን ለመፈተሽ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ፊውዝ ተሰክቷል፣ ፊውዙ ላይ ደግሞ አምፔሩ ተጽፏል። 30 ነው እንበል። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው፤ 30 በ14 ሲባዛ 420 ዋት ይሆናል። ይህ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ነው። የሚወጣው ከዚህም ያንሳል፦ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ግማሽ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል፣ ክላስ ዲ የሚባለው ደህናው ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ያወጣል። እንግዲህ ይህ ዕቃ ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለው ከ200 እስከ 340 ዋት ቢሆን ነው። 3000ው የተደበቀው «ማክስ» እና «ፒክ» ከሚሉት ቃላት ጀርባ ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን አቅም ነው። ይህን ሲጠየቅ ፊቱ የሚቀያየር ነጋዴ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ቁጥሩ እውነት ቢሆንስ? ያኔም ቢሆን ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ300 ወደ 600 ዋት ለመሄድ የተከፈለው ብር ጆሮ ጋ ሲደርስ ቮሊዩሙን ትንሽ እንደመነካካት ነው።

ታዲያ ባሱ የት ይሄዳል? አብዛኛው በሩ ውስጥ ይቀራል። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ይስባል። ከፊት የሚወጣውና ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ተቃራኒ ስለሆኑ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ከሁሉም በፊት የሚጠፋው ባሱ ነው። የመኪና በር የውስጥ ቆርቆሮ ደግሞ ትልልቅ ቀዳዳ አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነውም ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ስፒከሩ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው መልሶ ይወስዳል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹን በደንብ ደፍኖ፣ ቆርቆሮውን ንዝረት በሚያፍን ቡቲል የሚባል ተለጣፊ መለበጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከበሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫዎች ግን አይደፈኑም፤ ከተደፈኑ ቆርቆሮውን ዝገት ይበላዋል። ይህን ብቻ አሠርቶ «ዎፈር ገዛህ እንዴ?» የሚባል ሹፌር ጥቂት አይደለም።

ከዚያም በፊት በነፃ የሚሞከር ነገር አለ። ሁለቱ የፊት ስፒከሮች አንዱ ሽቦው ተገልብጦ፣ ፕላሱ በማይነሱ ቦታ ገብቶ ከሆነ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የአንዱን ብቻ ሽቦ አገላብጦ ማዳመጥ ነው። ባሱ ከተሞላ፣ ሰውዬው ሊገዛው የነበረው ዎፈር ብሩ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ዎፈር የግድ ከተባለም ሳጥኑ ከዎፈሩ አይተናነስም። ዎፈሩ ስንት ሊትር አየር እንደሚፈልግ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀቱን የሚያነበው ግን የለም፤ አናጺው የሚለካው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ነው። ቦታ እንዳይይዝ ይጠበባል፣ እንዲረክስ በችፑድ ይሠራል፣ መገጣጠሚያው ያፏጫል። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ በኮላ የታሸገ ጠርዝና ትክክለኛ ልክ ያለው ሳጥን ርካሽ ዎፈርን እንኳ ሰው ያደርገዋል። ባለ ቀዳዳ ወይስ ድፍን ለሚለው ክርክር፣ ባለ ቀዳዳው በተቃኘበት ድምፅ አካባቢ በርትቶ ይጮሃል፣ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ቶሎ ይደክማል። ለችክችካ፣ ምቱ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ዘፈን ድፍኑ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል። ሠፈር ለማስደመም ባለ ቀዳዳው ያሸንፋል፤ ሠፈሩ ግን አልጠየቀም።

ገንዘብ ይባክን፣ ተመልሶ ይገኛል። ሽቦው ላይ የሚሠራው ቀልድ ግን ከዚህ የከፋ ነው። የአምፕሊፋየሩ ወፍራም ሽቦ ከባትሪ ተነስቶ፣ ቆርቆሮ ሰንጥቆ፣ በምንጣፍ ሥር እስከ ኋላ ይዘልቃል። ያ ቆርቆሮ ስለት ነው። ቀዳዳው ላይ የጎማ መከላከያ ካልገባ በየጉድጓዱ መንገጫገጭ የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ይልጠዋል። መዳቡ ከቦዲ ጋር የተነካካ ዕለት ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፣ ሽቦውም እንደ ምድጃ ይግላል። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ እዚህ ላይ አይደርስም፤ ቃጠሎው የሚነሳው ከሱ በፊት ነው። የሚያድነው ከባትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ የሚገባ ሌላ ፊውዝ ነው። ለዎፈር ሺዎች የቆጠረ ሰው ለዚህች ፊውዝ መያዣ ሲጠየቅ ይከራከራል፣ ገጣሚውም እንዳይቀየመው ይተዋታል። ሽቦውም ራሱ ይታይ፦ ጫፉ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለዚህ የግድ ወፍራም መሆን አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ለበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገሩ ይብሳል። እነሱም ለሬዲዮና ለመብራት የሚሆን 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ የሚሞላው ግን በዲናሞ ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ በሚያወርድ መሣሪያ ነው። የዚያን መሣሪያ አቅም ሳያውቁ ትልቅ አምፕሊፋየር መጫን መኪናውን መንገድ ላይ ሊያስቀረው፣ ዋስትናውንም ሊያሳጣው ይችላል። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ገመዶች ደግሞ የሚገድል ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ የቴፕ ገጣሚ እጅ አይደርስባቸውም።

የቀረው ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ቮሊዩሙን ከፍቶ የሚውል የሚኒባስ ሹፌር ይህን ሰኞ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ቮሊዩሙን ደግሞ የሚያስጨምረው ብዙ ጊዜ የጠፋው ባስ ነው። ባሱ በሩ ውስጥ ሲቀርበት ሹፌሩ እሱን ፍለጋ ሁሉንም ይጨምራል፤ ጆሮውን የሚበላው ግን ከላይ ያለው ሹል ድምፅ ነው። ከኋላ ወንበር፣ ስፒከሩ ማጅራቷ ላይ የተሰቀለባት ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ትላለች። ረዳቱ አልሰማም። ደግማ ትጮኻለች። መኪናው ፌርማታውን አልፏል።