መጋረጃው የተዘጋበት «አረንጓዴ» ሕንጻ

በአዲስ አበባ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ በተመረቀ ቁጥር ከመድረክ የምትደመጠው ዐረፍተ ነገር ዛሬም አልተለወጠችም፤ ሕንጻው ዙሪያውን መስታወት የለበሰው የተፈጥሮ ብርሃን እንዲያስገባና ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ ነውና «አረንጓዴ» ነው ትላለች። ከንግግሩ በኋላ ሪባን ይቆረጣል፤ ቆጣሪ የሚያነብ ግን የለም።

አባባሉ ብርሃንን ከሙቀት ነጥሎ የሚያይ በመሆኑ ገና ከመነሻው ይፈርሳል። በመስታወት ያለፈው ጨረር ወለሉንና ጠረጴዛውን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የሞቀው አየርም መውጫ ያጣል። የዝዋይ ጽጌረዳ የሚበቅልበት የፕላስቲክ ቤት የሚሞቀው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ጽጌረዳዋ ግን ኤሲ አትጠይቅም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሰሜንና በደቡብ መስኮቶች ላይ የቀትሩን ፀሐይ ወጣ ያለ መጠነኛ የአርማታ ጥላ ሊመልሰው ይችላል፤ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትገባ እንዲህ ያለው ጥላ አያቆማትም። ባለሙያዎች «ከርተን ዎል» የሚሉት ወጥ የመስታወት ግድግዳ አራቱንም አቅጣጫ እኩል ስለሚያይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ በዞረው ቢሮ ሠራተኞች መጋረጃ ዘግተው፣ መጋረጃ በሌለበትም መስታወቱ ላይ ካርቶን በፕላስተር ለጥፈው፣ መብራት አብርተው ይሠራሉ። መብራት ያስቀራል የተባለው መስታወት መብራት አስበርቷል፤ ኤሲውም ያጓራል፣ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረች፣ ሌሊቱን ያለ ብርድ ልብስ በማይታደርባት ከተማ።

ሁለተኛው መከላከያ ኃይሉ ከውኃ የሚመነጭ ነው የሚለው ነው። እርግጥ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ይገኛል፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ገና መብራት ባላገኘበት አገር ንጹሕ ኃይል የተረፈ ኃይል ማለት አይደለም። በዕቃው ውስጥ የታሰረው ኃይል፣ ማለትም ዕቃውን ለማምረትና ለማጓጓዝ የወጣው፣ ከዚህ ሒሳብ ጨርሶ የለም፤ የመስታወቱን ክፈፍ ለመሥራት የሚውለውን አሉሚኒየም ከአሉሚና ለማቅለጥ ለአንድ ቶን ወደ 14,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በሐራሬ የተከፈተውና አርክቴክት ሚክ ፒርስ የነደፈው ኢስትጌት ሕንጻ በተለመደው የአየር ማቀዝቀዣ ፈንታ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በወፍራም ኮንክሪቱ መካከል እያሳለፈ፣ የተጠራቀመውን ቅዝቃዜ ቀን ለቢሮዎቹ ይመልሳል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ውጦ ማታ ቀስ ብሎ የሚለቅበት ይህ ባሕርይ ለአዲስ አበባ ባዳ አይደለም፤ በአሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤቶቿ ውስጥ የቀትር ሐሩር የማይሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ኃይል ቆጣቢ ሕንጻዎችን ከዓምዶቹ ባንዱ ሥር አስፍሯል። መስታወቱን የመረጠው ባለሀብት ግን ከጀርባው አይቀመጥም፣ የኤሌክትሪክ ሒሳቡንም አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ ይከፍላል፤ የሚያብረቀርቅ ፊት የሌለው ሕንጻ ደግሞ ያላለቀ በሚመስልበት ገበያ፣ ነገ ጥብቅ ደንብ ቢወጣ እንኳ ነዳፊው ደንበኛውን «ግድግዳ ይሻልዎታል» ለማለት ይደፍር እንደሆነ አጠራጣሪ ነው።