ጋሪውን ጎንደር ላይ ተዉት፣ በቅሎ ተከራዩ

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ውጭ አገር ከሚኖሩ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ሰሜን ተራሮችን ልናይ ነው፤ የልጁን ጋሪ ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያ የሚከራይ አለ?» ጥያቄው የዋህ ነው። ከየት እንደመጣም ያስታውቃል፤ ከኦርላንዶ።

ዲዝኒን የመሰለ የመዝናኛ ፓርክ ለሚሄድ ቤተሰብ «ይዞ መሄድ ወይስ መከራየት» የሚለው ክርክር ትርጉም አለው። መሬቱ የተነጠፈ ነው፣ በሩ ላይ ጋሪ የሚያከራይ አለ፣ ልጅ ሲደክመው ተኝቶ ይገፋል። እንዲያውም ጋሪው ከመብዛቱና ከመግዘፉ የተነሳ ዲዝኒ ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርዱ ከ79፣ ርዝመቱ ከ132 ሳንቲሜትር የሚበልጠውን ከልክሏል። እዚያ ጠቡ የቦታ ጠብ ነው። ሰሜን ተራሮችም በስሙ «ፓርክ» ስለተባለ ያው የሚመስላቸው አሉ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳባትን አልፎ እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው፤ ጋሪው በመኪናው ኋላ ታጥፎ ይተኛል፣ ማንንም አይጎዳም። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ፣ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወስደው ግን ጠጠር መንገድ ነው። ከመኪና ወርዶ ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማያ የሚሄደው ደግሞ የእግር መንገድ ነው፤ ድንጋይ፣ ሥር፣ ቁልቁለት፣ ከዚያ ገደል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጎማ ያለው ነገር አለመጥቀሙ ብቻ አይደለም ችግሩ። በገደል አፋፍ ላይ በራሱ የሚንከባለል ዕቃ ውስጥ ልጅ አስሮ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

ውጤቱን መገመት አይከብድም። ጋሪው ሃምሳ እርምጃ ይሄድና ይቆማል። አባት ልጁን ያቅፋል፣ እናት ቦርሳውን ትይዛለች፣ ጋሪው ለስካውቱ ይሰጣል። ጠመንጃ በአንድ ትከሻ፣ የሕፃን ጋሪ በሌላው! ስካውት የሚመደበው ለጥበቃ እንጂ ለተሸካሚነት አይደለም፤ በትሕትና እምቢ ማለት ስለማይችል ግን ይሸከማል። ይህን «የአገሬው ሰው ደግነት» ብሎ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

ወላጆቹ ጋሪውን የሙጥኝ የሚሉበት እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ አንቀልባ ያሳፍራቸዋል። የገጠር ነው፣ ኋላቀር ነው፣ ወገብ ይሰብራል ይላሉ። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ በአንቀልባ ያደገ ሰው «ልጄ ጋሪ ነው የለመደው» ሲል ነገሩ ከዚህ አይርቅም። እነዚሁ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ ልጅ ደረታቸው ላይ የሚያስሩበትን ማዘያ በብዙ ዶላር ገዝተው ይጠቀማሉ። የዚያ ማዘያ ታሪክ ግን ወደ አፍሪካ ይመለሳል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ ነርስነት ቶጎ የሄደችው አን ሙር የቶጎ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያዝሉ አይታ ነው አገሯ ተመልሳ «ስናግሊ» የተባለውን ማዘያ ያሠራችው፤ ፓተንቱም የወጣው በ1969 ነው። (ያው ዓመት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመበት ነው። መገጣጠም ብቻ ነው፣ ግን ደስ ይላል።) ነጭ እናት ስታዝል ዘመናዊ፣ የደባርቅ እናት ስታዝል ኋላቀር የሚሆንበት ሚዛን ከየት መጣ?

አንቀልባ እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ለእንዲህ ያለ መንገድ አይታዘልም፤ የልጁ ፊትም በጋቢ ታፍኖ መሸፈን የለበትም። ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ብርዱ ነው። አቀበት የምትወጣ እናት ላብ ስለሚያሰምጣት ልጁም የሞቀው ይመስላታል፤ ልጁ ግን አይንቀሳቀስም፣ እጅና እግሩ ይበርዳል። በየመሐሉ አውርዶ ጣቶቹን መዳሰስ ያስፈልጋል። ከፍታውም ቀላል አይደለም። ሳንቃበር ከ3,200፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ናቸው፤ ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» አይልም። ያለቅሳል፣ ጡት እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል። መድኃኒቱ ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። ስለዚህ ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ጨነቅ ለማደር መጣደፍ የለበትም፤ ቡይት ራስና ሳንቃበር አካባቢ ጭላዳውን አይቶ፣ ጥቂት ተራምዶ፣ ደባርቅ ወይም ጎንደር ወርዶ መተኛት ይበቃዋል።

አራት አምስት ዓመት የሞላውስ? ለመታዘል የከበደ፣ ለመራመድ ያልጠነከረ? እዚህ ላይ ነው «መከራየት» የሚለው ቃል በሰሜን ምድር ትክክለኛ ትርጉሙን የሚያገኘው። የሚከራየው በቅሎ ነው። «በቅሎ ትጥላለች» የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ራሱን ችሎ መቀመጥ የማይችል ልጅ በቅሎ ላይ አይወጣም፤ ልጅ ያዘለች እናትም አትወጣም፣ ቢወድቁ ሁለቱም ናቸውና። ቁልቁለት ሲሆን ወርዶ መሄድ ነው። ከዚህ ውጭ ግን ልጓሙን ባለቤቷ የያዘላት፣ መንገዱን በየሳምንቱ የምትመላለስበት በቅሎ ከየትኛውም ጎማ ትሻላለች። እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ መርጣ የምትረግጥ እንስሳ ናት። ከውጭ ይዞ መምጣት ካስፈለገ ጋሪውን ትቶ የልጅ ሄልሜት ማምጣት ነው፤ ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሥራም አለው።

የበቅሎው ኪራይ የማን እጅ እንደሚገባም ማሰብ ተገቢ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ተርታ ገባ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ዋጋ ከከፈሉት መካከል የግጭ መንደር ሰዎች አሉበት፤ ግጦሹ ለዋልያው እንዲያገግም ተብሎ ከፓርኩ ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። በፓርኩ ዙሪያ ላለው ገበሬ በማሳና በግጦሽ ፋንታ የተነገረው ተስፋ «ከጎብኚ ትኖራላችሁ» የሚል ነበር። ጎብኚው ግን መጋቢት 2012 በኮቪድ ቀረ። ነሐሴ 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሐምሌ 2015 ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ መሐል በቅሎ ገብስ ትበላለች፤ ጎብኚ የለም ተብሎ አትጦምም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ለትርፍ ኪሎ በዶላር ከፍሎ የመጣ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ከባለ በቅሎ ጋር በብር ሲከራከር ይውላል። «ለአንድ ልጅ ይህን ያህል?» ይላል። የሚከራየው እኮ በቅሎዋን ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጎን የሚራመድ ሰውም አለበት። ኦርላንዶ ላይ የጋሪ ኪራይ የሚከራከር አለ? ዋጋው ተለጥፏል፣ ይከፈላል። ባለ በቅሎዎች በተራ ስለሚሠሩ አንዱን ከተራው ውጭ ጎትቶ «አንተ በርካሽ ውሰደን» ማለት ሌላውን ማስራብ ነው።

ደባርቅም የቤት ሥራ አለባት። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት የምታከራይ ከተማ ለልጅ የሚሆን መደገፊያ ያለው ኮርቻና በልኩ የሆነ እርካብ ለማከራየት የሚያስፈልጋት ጎበዝ ኮርቻ ሠሪ ብቻ ነው። ንጹሕና ጠንካራ አንቀልባ ሰፍቶ፣ አስተዛዘሉን አሳይቶ የሚያከራይ ቢኖርስ? አንዲት የከተማው እናት በአምስት ደቂቃ የምታስተምረውን አስተዛዘል ከአገር የራቀ ወላጅ ረስቶታል፤ ለማስታወስም ይከፍላል። አዲስ አበባ ላይ የሚታተሙ የጉብኝት ወረቀቶች ስለ ራስ ደጀን ከፍታ በሜትር ይተነትናሉ፣ ልጅ ይዞ ስለሚመጣ ቤተሰብ ግን አንድ መስመር ቢኖራቸው ምን ነበረበት?

ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ ጨነቅ ደርሶ በመኪና ከተመለሰ ባለ በቅሎው በቅሎዋን ይዞ በእግሩ ነው የሚመለሰው። የመመለሻው ቀንም ይከፈለዋል፤ ይህን ሳይነሱ ደባርቅ ላይ መነጋገር ነው።