«ኢንጀክተሩ ቆሽሿል»፦ ማስረጃ ወይስ ግምት?

ያገለገለ መኪና የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚሰማው ፍርድ አለ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከተንቀጠቀጠ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ካነሰው ወይም ቤንዚን ከወትሮው በላይ ከፈጀ «ኢንጀክተሩ ቆሽሿል፤ የነዳጅ መስመሩ ይታጠብ» ይባላል። ሻጩም በበኩሉ «ሌላ ምንም የለባትም፤ ኢንጀክተሯን ማሳጠብ ብቻ ነው» ብሎ ዋጋውን ያጸናል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት ምርመራን የሚያስቀር መድኃኒት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የነዳጅ መስመር እጥበት በልኬት ከተደገፈ ጥርጣሬ በኋላ የሚወሰድ እርምጃ እንጂ የልኬት ምትክ ሊሆን አይገባውም።

ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዕድሜያቸው እየገፋ ይሄዳል። ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ የሚጠራ ንብረት ነው፤ ለታክሲ ሾፌር ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው። ያለ ምርመራ የሚወጣ ገንዘብና ጋራዥ የሚያልፍ የሥራ ቀን ከዚሁ እንጀራ ላይ የሚቆረስ ነው።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ መኖሩን መቀበል ተገቢ ነው። ኢንጀክተር ማለት በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተከፈተና እየተዘጋ ቤንዚንን በደቃቅ ጠብታ መልክ የሚረጭ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወዲያው አይወርድም። በኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ከቀረችው ጥቂት ቤንዚን ውስጥ ቀላሉ ክፍል ሲተን ከባዱ ክፍል ደርቆ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ቀዳዳው ይጠባል፤ የርጭቱም ቅርጽ ይበላሻል። አጭር መንገድ እየሄደ ደጋግሞ የሚጠፋ መኪና ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች በአሜሪካ እየበዙ ሲሄዱ ይኸው ችግር በስፋት ታይቷል። ከ1995 ጀምሮም በዚያች አገር የሚሸጥ ቤንዚን ቆሻሻ እንዳይጋገር የሚከላከል ኬሚካል እንዲጨመርበት በሕግ ተደንግጓል። በእኛ አገር ደግሞ በየመንገዱ ዳር ከጀሪካንና ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቀዳ ቤንዚን አቧራና ውኃ ይዞ ሊገባ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አንድ ምልክት፣ ብዙ ምክንያት

ችግሩ መኖሩ ግን ምልክቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ቦቢና፣ የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ግፊት ያነሰው የነዳጅ ፓምፕ፣ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ በወጉ የማይዘጋ ቫልቭ፣ እነዚህ ሁሉ ሞተርን ሊያንቀጠቅጡና ጉልበቱን ሊቀንሱ ይችላሉ።

መልክዓ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የእንዲህ ያለውን መኪና ኢንጀክተር መቶ ጊዜ ቢያጥቡት በባሕር ጠረፍ የነበረው ጉልበት እንጦጦ ዳገት ላይ አይመለስለትም።

መለካት እንዴት ይቻላል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ብዕርና ወረቀት ነው። ታንኩን ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ንባብ መመዝገብ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ለተሄደው መንገድ ማካፈል ነው። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 36 ሊትር የገባለት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ፈጅቷል ማለት ነው። ይህ በተመሳሳይ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም «ብዙ ይበላል» የሚለው ስሜት ወደ ቁጥር ይለወጣል።

ሁለተኛው መሣሪያ መኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ነው። ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደረጃው የተወሰነ የመመርመሪያ መሰኪያ አላቸው። ኮምፒዩተሩ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ፣ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እንዲደርስ የነዳጁን መጠን ያርማል፤ የእርማቱንም ልክ በመቶኛ ይመዘግባል። በተለምዶ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 በመቶ ያልበለጠ እርማት እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ከዚያ አልፎ ነዳጅ የሚጨምር ከሆነ አንድም ነዳጅ አንሷል፣ አንድም ያልተለካ አየር ገብቷል። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩን በተለያየ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ጭማሪው ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በዝቶ ዙሩ ከፍ ሲል የሚቀንስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አየር ማስገቢያ ስንጥቅ ያደላል። ጭነት ሲበዛ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ወደ ነዳጅ እጥረት ያመለክታል። ያን ጊዜም ቢሆን ፊልትሮውና ፓምፑ በግፊት መለኪያ ሳይፈተሹ በኢንጀክተሩ ላይ መፍረድ አይገባም።

ይህ እርማት ግን የሲሊንደሮቹን አማካይ ብቻ ስለሚያሳይ አንዱ ታሞ ሌሎቹ ጤነኛ ሲሆኑ ሊሸሽገው ይችላል። ለዚህ ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመልከት፣ ይጠቅማል። ኮምፒዩተሩ «ፒ0302» የሚል ኮድ ከሰጠ ሁለተኛው ሲሊንደር በአግባቡ አያቃጥልም ማለት ነው። ለየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና ባለው ሞተር ላይ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቦቢና እናቀያይር። ኮዱ ወደ «ፒ0303» ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ኢንጀክተሩም ነፃ ወጣ። ኮዱ ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላውን በዚሁ ዘዴ መፈተን፣ የሲሊንደሩን ግፊት መለካት፣ በመጨረሻም ወደ ኢንጀክተሩ መምጣት ነው። በቤተ ሙከራ የምንማረው ቁጥጥር ያለው ሙከራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተለመደው ዓይነት ሞተር የነዳጁ መስመር ከከባቢው አየር ሦስት እጥፍ ያህል የሚበልጥ ግፊት ይይዛል፤ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭበት ሞተር ደግሞ ግፊቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ኢንጀክተር መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው።

ሳሙናው የማይደርስበት ቆሻሻ

በተለመደው ሞተር ቤንዚኑ የሚረጨው በማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ ላይ ስለሆነ በነዳጁ ውስጥ ያለው ማጽጃ ቫልቩንም ያጥባል። በቀጥታ በሚረጨው ሞተር ግን ቤንዚኑ ቫልቩን ሳይነካ ስለሚያልፍ በዚያ የተጋገረውን ካርቦን ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ አያገኘውም፤ የማስገቢያው ክፍል ተፈትቶ መጽዳት ይኖርበታል። እንግዲህ የሞተሩን ዓይነት ሳይጠይቅ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ላልታወቀ በሽታ መድኃኒት እንደሚሸጥ ሰው ነው።

«መታጠቡ ምን ይጎዳል?»

መካኒኮች በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ይኖራል። መመርመሪያ መሣሪያ በሁሉም ጋራዥ አይገኝም፤ እጥበቱ ደግሞ ብዙውን ሰው ረድቷል፤ አስቀድሞ መከላከልም ይሻላል ይላሉ። መልማዱ ሊናቅ አይገባውም፤ በጆሮው ብቻ የሞተርን ሕመም የሚለይ ባለሙያ ስንቱ ነው። ነገር ግን ከእጥበት በኋላ «ተሻላት» የሚባለው መኪና ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ካንዴላና ፊልትሮም ተቀይሮለታል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦ የትኛው እንዳዳነ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም በላይ ምልክቱ ለጥቂት ጊዜ ሲደበዝዝ እውነተኛው ብልሽት ጊዜ ያገኛል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ውሳኔው እንዲህ ሊሆን ይገባል። ምልክት ለሌለው፣ ፍጆታውና እርማቱ ጤናማ ለሆነ መኪና እጥበት አያስፈልገውም፤ ገንዘቡ ለፊልትሮና ለንጹሕ ነዳጅ ይዋል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቤንዚኑ ያረጀበት፣ ወይም ከላይ የተጠቀሱት ምርመራዎች ወደ ኢንጀክተሩ ያመለከቱበት መኪና ይታጠብ። ሲታጠብም ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው በመፈተሻ ማሽን ላይ ለእኩል ጊዜ ወደ ባለ መስፈሪያ ብልቃጥ ሲረጩ ይታዩ፤ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ የተለካው መጠንም ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው። የአራቱ ብልቃጦች ከፍታ ከመጀመሪያውም እኩል ከነበረ፣ ሊታጠብ የሚገባው ነገር አልነበረም።

ተማሪዎች ሆይ! በየቤታችሁ ስለ መኪና ጥገና በሚመከርበት ጊዜ «በምን ተለካ?» ብላችሁ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልጋችሁም። ጥያቄው ጥሩውን መካኒክ አያስቀይመውም፤ የሚያውቀውን እንዲያሳይ ዕድል ይሰጠዋል እንጂ።