ሴክሽን 8 እና «ሎው ኢንካም» ቤት ለየቅል ናቸው

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ሎው ኢንካም ቤት ወጣልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ካሉ በኋላ ኪራዩን ሲሰሙ የሚደነግጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የታክስ ክሬዲት ሕግ ነው። መንግሥት ለባለሀብቱ ግብር ይቀንስለታል፤ እሱም ኪራዩን ከተቀመጠው ጣሪያ አያሳልፍም። ጣሪያው የሚለካው ግን በአካባቢው ሕዝብ መካከለኛ ገቢ እንጂ በተከራዩ ኪስ አይደለም። ዋሽንግተንን በመሰለ ገቢ ከፍ ባለበት ከተማ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ የጽዳት ሠራተኛ እህታችን ይህን ኪራይ አትችለውም።

የሴክሽን 8 ቫውቸር ግን የሚያየው የቤተሰቡን ገቢ ነው። ቤተሰቡ በጥቅሉ 30 በመቶውን ይከፍላል፤ ቀሪውን እስከ ተወሰነ ልክ መንግሥት ለአከራዩ ይሸፍናል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል፤ የታክስ ክሬዲት የተጠቀመ አከራይ ቫውቸር ስለያዘ ብቻ ተከራይን መመለስ በሕግ አይፈቀድለትም። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ችግሩ ቫውቸሩ እንደ ፉድ ስታምፕ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ አለመሰጠቱ ነው። በጀቱ ውስን በመሆኑ ከሚገባቸው ቤተሰቦች የሚያገኘው ከአራት አንዱ ገደማ ነው፤ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። (ብድር ስላልሆነ የወለድ ጥያቄ የለበትም፤ ገቢን ደብቆ መሙላት ግን አማናን ማጉደል ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል።) ስለዚህ የታክስ ክሬዲት ቤት የገባ ሰው ከቫውቸር ወረፋው መውጣት የለበትም፤ አድራሻ ሲቀይርም ወዲያው ያሳውቅ፤ ደብዳቤው በድሮው ቤት እየሄደ ስማቸው የሚሰረዝ አሉ።