የላስታ የድንጋይ ጎጆዎችም የላሊበላ ቅርስ ናቸው
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን



የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዩኔስኮ ስለ ሥፍራው ባሰፈረው መግለጫ ግን አብያተ ክርስቲያናቱን ብቻ ጠቅሶ አላለፈም፤ በአቅራቢያቸው ያሉትን፣ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ጎጆዎችም አንስቷል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ክብር አይደለም፤ ቀድሞ የታወቀላቸው ዋጋ በተግባር እንዲጠበቅ ነው።

እነዚህ ቤቶች ሊጠበቁ የሚገባቸው ስላረጁ ብቻ አይደለም። ግድግዳቸው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ጣሪያቸው የሣር ክዳን ነው፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ይወጣል። ቤትን ወደ ላይ መደረብ ጠፍጣፋ መሬት በማይገኝበት ዳገት ላይ ቦታ ይቆጥባል። ቤተ ክርስቲያኑ አለትን ወደ ታች በመፈልፈል ተገኘ፤ ጎጆው ድንጋይን ወደ ላይ በመደርደር ቆመ። አንዱ ያለ ሌላው ሲታይ የላስታ ሰው ስለ ድንጋይ ያለው ዕውቀት ግማሹ ይጎድላል።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ሰው ተጨናንቆ መኖሩ ለፍሳሽና ለንጽሕና ችግር ይዳርጋል የሚለው ስጋት እውነት ነው። መፍትሔው ግን ነዋሪውን አስነስቶ ባዶ ጎጆ ማቆየት ብቻ ሊሆን አይገባም። የምድጃ ጭስ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይ ይከላከላል፤ እሳት የማይነድበት ቤት ክዳኑ ቶሎ ይበሰብሳል። ባለቤቶቹ ቆርቆሮ ይመርጣሉ የሚባለውም ትክክል ነው፤ ሣር በየጊዜው መለወጥ አለበት፣ እሳትም ያስፈራል። ነገር ግን መንግሥት ቆርቆሮ አትጠቀሙ የሚል ከሆነ ወጪውን ለድሃው ቤተሰብ ብቻ ሊተው አይገባም። ያለው ገንዘብ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና ይቅደም ለሚሉም፣ የአንድ ጎጆ ክዳን ማደስ ከዚያ ትልቅ ሥራ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የቀሩት ቤቶች አንድ በአንድ በፕላንና በፎቶግራፍ ይመዝገቡ። ለሣር ክዳንና ለድንጋይ ጥገና የሚውል ቋሚ ድጎማ ይመደብ፤ ሥራውም ለአካባቢው ግንበኞችና ክዳን ሠሪዎች ይሰጥ፣ ወጣቶችም ከእነሱ ይማሩ። በውስጥ በኩል መብራት፣ ውኃና መጸዳጃ እንዲገባ ይፈቀድ፤ ውጫዊ ቅርጹ ግን ይጠበቅ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከታጠረ ባዶ ጎጆ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለውና ውሳኔያችሁ ነዋሪውን ያስቀድም።