የውሻ ሆድ ጤንነት የማኅበሩ ጉዳይ ነው

በገጠር ውሻ የሌለበት ግቢ፣ ድመት የማትዞርበት ጎታ ጥቂት ነው። ውሻው በረቱን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል፤ ድመቷም እህሉን ከአይጥ ትከላከላለች። ይሁን እንጂ በስብሰባ ላይ ስለ እንስሳት ጤና ሲነገር የሁለቱ ነገር አይነሣም። የውሻ ሆድ ቢታመምስ ለማኅበር መሪ ምኑ ነው የሚልም አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩ የባለ ውሻው ብቻ አለመሆኑን ማመልከት ነው። በግ የሚያረባውንም፣ ልጅ የሚያሳድገውንም ይነካል።

የደጋ በግ አርቢ አዙሪት የሚባለውን በሽታ ያውቀዋል። በጉ አንገቱን አዘንብሎ ባንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ከመንጋው ይለያል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ በመጨረሻም ወድቆ ይሞታል። ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። የበሽታው ምንጭ ደግሞ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት የኮሶ ትል ነው። ውሻው የትሉን እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ላይ ይጥላል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ባለቤቱ በጉ መዞር ሲጀምር ሳይሞትበት አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻ ይወረውራል። ውሻው ከረጢቱን ከበላ በአንጀቱ ውስጥ አዲስ ትል ያድጋል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ሲሆነውም እንቁላል መጣል ይጀምራል። በዚህ ሁኔታ አርቢው የከርሞውን በሽታ በገዛ እጁ ይዘራል ማለት ነው።

ሌላው ትል ከዚህ የከፋ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሊኖር ይችላል፤ ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስቀምጠውም፤ ጤነኛ ይመስላል። እንቁላሉን የዋጠ በግ፣ ፍየል፣ ከብት ወይም ግመል በጉበቱና በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያወጣል። ሰውም እንዲሁ ነው። እንቁላሉ በውሻው ፀጉር ላይ ስለሚጣበቅ፣ ውሻ ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ሊውጠው ይችላል። ከረጢቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በአገራችን በኦሞ ሸለቆ ደቡባዊ ጫፍ በሚኖሩ ከብት አርቢዎች ዘንድ ይህ በሽታ በሰው ላይ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል።

መፍትሔው ውሾችን መፍጀት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በረቱ ያለ ጠባቂ አይቀመጥምና በተገደለው ምትክ ወዲያው ቡችላ ይመጣል፤ ቡችላውም ያንኑ ጥሬ ሆድ ዕቃ እየበላ ያድጋል። ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ እስኪመጣ እንጠብቅ ይላሉ። መድኃኒት የዋጠ ውሻ በማግስቱ ከረጢት ያለበት ጉበት ቢያገኝ ግን ትሉ እንደገና ይይዘዋል። በእኛ አስተያየት ከመድኃኒቱ መቅደም ያለበት የዕርዱ ሥርዓት ነው። ይህንንም አንድ ገበሬ ለብቻው ሊፈጽመው አይችልም። እሱ ጉድጓድ ቢቆፍር የጎረቤቱ ውሻ ከሌላ ደጅ ይበላልና። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የሚከተለውን በስብሰባ አስወስነው ቢያስፈጽሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በየጎጡ የዕርድ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ውሻና ጅብ እንዳይደርሱበትም ጥልቅና ክዳን ያለው ይሁን። ለበዓል ቅርጫ የሚገቡ ሁሉ ከረጢት የታየበትን ጉበትና ሳንባ፣ የዞረ በግ ጭንቅላትንም ጭምር እዚያ ይቅበሩ። ማገዶ ያለው ሆድ ዕቃውን ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሎ ለውሻው ሊሰጥ ይችላል። የሞተ እንስሳም በሜዳ አይጣል።

ሁለተኛ፣ ውሾች ይመዝገቡ፤ በአንድ ቀንም መድኃኒት ይዋጡ። ለእነዚህ ትሎች የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 75 ሚሊ ግራም ይወስዳል። የከብት መድኃኒት ቆርሶ መስጠት አይተካውም፤ አይቨርሜክቲንም የኮሶ ትልን አይገድልም። መድኃኒቱ በዓመት አራት ጊዜ ቢሰጥ መልካም ነው። ጊዜውም ብዙ ዕርድ ካለባቸው በዓላት በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ይሁን፤ ይኸውም ትሉ እንቁላል ሳይጥል ለመቅደም ነው። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሻው ሁለት ቀን ታስሮ ይቆይ፤ ዓይነ ምድሩም ይቀበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው በዚያው ዕለት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲሰጥ ቢጠየቅ አንዱ ድካም ሁለት ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ውሻ ይመገብ። ፍርፋሪና አጓት በየቀኑ የሚያገኝ ውሻ ጥንብ ፍለጋ ብዙ አይዞርም። ሆዱ የተነፋና ፀጉሩ የጎፈረ ቡችላ ብዙውን ጊዜ ወስፋት አለበት። ይህ ከእናቱ ማኅፀንና ከጡቷ የሚተላለፍ ስለሆነ ቡችላው ከተወለደ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ የወስፋት መድኃኒት በባለሙያ ትእዛዝ ሊሰጠው ይገባል።

ስለ ድመትም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አይጥና ጥሬ ሥጋ የምትበላ ድመት በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ተዋሲ እርጉዝ በግንና ፍየልን ሊያስወርድ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። ስለዚህ የድርቆሽ ክምርና እህል ይከደን፤ የድመት ዓይነ ምድርም በነፍሰ ጡር እጅ አይጠረግ።

ይህ ሥራ ከአቅም በላይ እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። አይስላንድ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ የከረጢት በሽታ ክፉኛ የተጎዳች የበግ አርቢዎች አገር ነበረች። ለገበሬው መጽሐፍ በማደል፣ ውሾችን በመቆጣጠርና ሆድ ዕቃን በማስቀበር በሽታውን አጥፍታለች። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1959 ሕግ አውጥታ ውሾቿን በየጊዜው በማከምና ጥሬ ሆድ ዕቃን በመከልከል ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከበሽታው ነፃ መሆኗን አስታውቃለች። ሥራው ትዕግሥትንና የሁሉንም ተካፋይነት ይጠይቃል።

ለውሻ መድኃኒት ማዋጣት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአዙሪት የሞተው የአንድ በግ ዋጋና በሆስፒታል የሚተኛው የአንድ ልጅ ወጪ ይታሰብ። ጉድጓዱን ለመቆፈር የሚያስፈልገው ዶማና የአንድ ቀን ጉልበት ነው። የሚመጣው በዓል ሳይደርስ በየጎጡ ይቆፈር።